ባቄላም ሂሳብ ታውቃለች

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በየስልኩ ሲዞር ሰንብቷል። ለእኔ ብቻ ሦስት ሰው ልኮልኛል፤ የእንጀራ ሥራዬ ከጥራጥሬ ሥር ጋር ስለሆነ ደስ ይለዋል ብለው ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ ይጀምርና ነገሩን ወደ ተፈጥሮ ይወስደዋል። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ ሲምባዮሲስ፣ ማለትም ፍጥረታት ተጠጋግተውና ተጠቃቅመው መኖራቸው፣ ብክነት የሌለበት አሠራር ነው። ባቄላና ባክቴሪያ በነጻ ይሰጣጣሉ። ማር መሪዋ ወፍና ሰው በመተማመን ይሠራሉ። ከግራርና ከጉንዳን የምንማረው ወጪን ማስወገድ ነው። የዴንማርኳ ካሉንድቦርግ ፋብሪካዎች ይህንኑ ከጫካ ቀድተው ተሳካላቸው። ቀጥሎ ተራው የሰውና የኮምፒውተር ነው፤ ሁለቱ ሲጣመሩ ሁልጊዜ ከእያንዳንዳቸው ይበልጣሉ፤ ማሽኑም ያለ ሰው መኖር ስለማይችል የሚያስፈራ ነገር የለም።

የጸሐፊው ብዕር ያምራል፤ ስለ ጥራጥሬ የሚጽፍ ሰው መገኘቱም በራሱ ደስ ይላል። የከነከነኝ ሂሳቡ መጥፋቱ ነው። በቅርብ የማውቃቸው የተፈጥሮ ትስስሮች ሁሉ ዋጋ ይከፈልባቸዋል፤ የሚዘልቁትም ቢያንስ አንደኛው ወገን ክፍያውን ማቆም ስለሚችል ነው። ከደቦ ይልቅ እቁብን ይመስላሉ። እቁብ ላይ ዕጣ ወጣልኝ ብሎ ገንዘቡን ይዞ የሚሄድ የለም፤ ዋስ ጥራ ይባላል።

ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በትርጉሙ ላይ ብዙ አልቆይም። ጽሑፉ ሲምባዮሲስን «መጠቃቀም» ብሎታል። ቃሉን በ1879 ባሳተመው ጽሑፍ ያስፋፋው ጀርመናዊው የዕፀዋት ተመራማሪ አንቶን ደ ባሪ ግን ዓይነታቸው የማይገናኝ ፍጥረታት አብረው መኖራቸውን ነበር ያለው፤ ጥገኛውንም ጨምሮ። በደ ባሪ አባባል ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሰው አንጀት ውስጥ ያለው የኮሶ ትል ጭምር ሲምባዮሲስ ላይ ነው። ትሉ በጣም ቀልጣፋ ነው፤ አፍ እንኳ የለውም። ስለዚህ «ሲምባዮሲስ ቀልጣፋ ነው» ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቀው «ለማን?» ነው።

አሁን ወደ ባቄላዋ። የጽሑፉ ንጽጽር ይህ ነው፦ የማዳበሪያ ፋብሪካ ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ አሞኒያ ለማድረግ 400 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሙቀት፣ ከ150 እጥፍ የሚበልጥ የአየር ግፊትም ይፈልጋል፤ በባቄላ ሥር የምትኖረው ባክቴሪያ ግን ያንኑ በአፈር ሙቀት ትሠራዋለች፤ እንግዲያው በነጻ ነው። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ፍሪትዝ ሀበር በ1909 በላቦራቶሪ ያሳየው፣ ካርል ቦሽ ደግሞ በ1913 ጀርመን ውስጥ ኦፓው ላይ ወደ ፋብሪካ ያደረሰው ዘዴ ዛሬም ዓለም ከሚጠቀምበት ኃይል ከ1 እስከ 2 በመቶ የሚሆነውን ይበላል።

ሁለተኛው ግማሽ ላይ ግን አልስማማም። እሳት ስላልነደደ ወጪ የለም ማለት አይደለም። በአየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ሁለት አተሞቹ በሦስት ማሰሪያ ተጠፍረው ነው ያሉት። ያንን የሚፈታው ናይትሮጂኔዝ የሚባል ኢንዛይም ለአንዲት የናይትሮጅን ሞለኪውል ቢያንስ 16 ኤቲፒ ይጨርሳል። ኤቲፒ ሕዋስ ለሥራው ሁሉ የሚመነዝረው ጉልበት ነው፤ ይህ ጉልበት ደግሞ ባቄላዋ በቅጠሏ ካዘጋጀችው ስኳር ይመጣል። ያ ስኳር ፍሬ መሆን ይችል ነበር። የባሰው ሌላ ነው፦ ኢንዛይሙ ከሚቀበላቸው 8 ኤሌክትሮኖች ቢያንስ 2ቱ አሞኒያ ውስጥ አይገቡም፤ ሃይድሮጅን ጋዝ ሆነው ይወጣሉ። ሩቡ ማለት ነው። ሃይድሮጅኑን መልሰው የሚጠቀሙ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ሁሉም ግን አይችሉም። ነዳጁ ሩብ የሚያፈስ ጄኔሬተር ገበያ ላይ ቢቀርብ ጸሐፊው ራሱ አይገዛውም።

ነጻ አለመሆኑን ባቄላዋ ከእኔም ከጸሐፊውም በላይ ታውቃለች። ማሳው ላይ ዩሪያ ጠግቦ ከተበተነላት ሥሯ ላይ ባክቴሪያዎቹን የምታሳድርበትን እባጭ መሥራት ትቀንሳለች፤ አንዳንዴም ጭራሽ ትተወዋለች። አፈሩ ውስጥ የተዘጋጀ ካገኘች የምትቀልበው ሠራተኛ አትቀጥርም።

ያንን እባጭ ላሳያችሁ። ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ፣ አበባ ስትይዝ፣ ባቄላዋን እጅ ይዞ መጎተት አይሆንም፤ ሥሩ ይበጠሳል። ዙሪያዋን በአካፋ ቆርጠን ከነአፈሯ እናነሣና ባልዲ ውሃ ውስጥ እንነክራታለን፤ ጭቃው ቀስ እያለ ሲለቅ ሥሩ ላይ ምስር የሚያክሉ፣ አንዳንዴም ተጣብቀው ጣት የሚመስሉ እባጮች ይወጣሉ። አንድ ጊዜ የማሳው ባለቤት፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ጠጋ ብለው አዩና «ይህን እኮ እኛ ትል የበላው ነው ስንል ነው የኖርነው» አሉኝ። በጥፍሬ ሰንጥቄ አሳየኋቸው። ውስጡ እንደ ጥሬ ሥጋ ቀይ ነበር። «ደም አለው!» አሉ። ብዙም አልተሳሳቱም፤ ቀለሙ የሌግሄሞግሎቢን ነው፤ የደማችን ሄሞግሎቢን ዘመድ ነው። ውስጡ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን እባጩ ሥራ አልጀመረም፣ ወይ ጨርሷል፣ ወይ መጀመሪያውኑ የገባው ባክቴሪያ ቦዘኔ ነው።

ቀዩ ነገር እዚያ ያለው ለጌጥ አይደለም። ናይትሮጂኔዝ ኦክስጅን ሲነካው ይበላሻል፤ ባክቴሪያዋ ደግሞ ያለ ኦክስጅን ያንን ሁሉ ኤቲፒ መሥራት አትችልም። ስለዚህ ኦክስጅኑ በቁንጥር እየተለካ መግባት አለበት፤ የመግቢያውን በር የያዘችው ደግሞ ተክሏ ናት። በ2003 ተመራማሪዋ ቶቢ ኪርስና ባልደረቦቿ ይህን በአኩሪ አተር ፈተኑት። በአንዳንዶቹ እባጮች ዙሪያ ካለው አየር ናይትሮጅኑን አውጥተው አርጎን በሚባል ከምንም በማይዋሃድ ጋዝ ተኩት፤ ባክቴሪያዎቹ ቢፈልጉም የሚያቀርቡት ነገር እንዳይኖራቸው። ተክሏ ምን አደረገች? ወደነዚያ እባጮች የምታስገባውን ኦክስጅን ቀነሰች፤ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች የመራባት አቅማቸው በግማሽ ያህል ወረደ። ጥፋቱ የእነሱ እንዳልነበረ አልጠየቀችም።

ይህ እንግዲህ ጽሑፉ «በነጻ መሰጣጣት» ያለው ነው። እኔ የሚታየኝ መሬቱን በእኩል ያሳረሰ ሰው አውድማ ላይ ቆሞ እህሉ ሲሰፈር ሲቆጥር ነው።

ባቄላ አትዝሩ አላልኩም። ከስንዴ በፊት ባቄላ የዘራ ገበሬ የሚያገኘውን ጥቅም እኔ አልነግረውም፤ እሱ ነው ለእኔ የሚነግረኝ። ግን የባክቴሪያ ማዳበሪያ በከረጢት ገዝቶ ዘሩን አሽቶ የዘራ፣ አፈሩ አሲዳማ ስለሆነ ምንም ያላገኘ ሰውም አውቃለሁ። ኖራ ሳይገባ ባክቴሪያዋን ማስገባት እንግዳ ጠርቶ ቤቱን እንደመቆለፍ ነው። «በነጻ ነው» የሚለው ወሬ የሚጎዳው እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

ማር መሪዋን ወፍ ጽሑፉ «የመተማመን ተምሳሌት» ብሏታል። ምሳሌው ጥሩ ነው፤ ግማሹ ተቆርጦ ቀረ እንጂ። ወፏ ሰም ትወዳለች፤ ቀፎ ግን መስበር አትችልም። ሰው እሳትና መጥረቢያ አለው፤ ንቡ ያለበትን ግን አያውቅም። ሁሴን ይሳቅና ሃንስ ኡልሪሽ ራየር በ1989 ባወጡት ጥናት፣ በሰሜን ኬንያ ቦረናዎች በማያውቁት አካባቢ ያለ ወፏ አንድ የንብ ጎጆ ለማግኘት በአማካይ 8.9 ሰዓት ይፈጅባቸው ነበር፤ ወፏ ስትመራቸው 3.2 ሰዓት። ሞዛምቢክ ውስጥ ኒያሳ ደግሞ የያኦ ማር ቆራጮች ከአባቶቻቸው የተማሩት ልዩ ጥሪ አላቸው። ክሌር ስፖቲስዉድና ባልደረቦቿ በ2016 እንዳሳዩት ያንን ጥሪ እያሰማ የሚሄድ ሰው የንብ ጎጆ የማግኘት ዕድሉ ከ16 ወደ 54 በመቶ ያድጋል። ቅልጥፍና ከተባለ ይህ ቅልጥፍና ነው፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነኝ።

የተቆረጠው ግማሽ ይህ ነው። ታንዛኒያ ውስጥ የሚኖሩት ሃድዛዎች ማሩን ከቆረጡ በኋላ የተረፈውን ሰም ያቃጥሉታል፣ ይቀብሩታል ወይም ይደብቁታል። ወፏ ከጠገበች አትመራቸውማ! እንድትራብ ነው የሚፈልጉት። እሷም ብትሆን ቅድስት አይደለችም፦ እንቁላሏን እንደ ንብ በል ባሉ ሌሎች ወፎች ጎጆ ትጥላለች፤ የምትፈለፈለው ጫጩት ዓይኗ ሳይገለጥ በመንቁሯ ጫፍ ባለው ሹል መንጠቆ የባለቤቶቹን ጫጩቶች ነክሳ ትገድላለች። ለማር ቆራጩ ወዳጅ የሆነችው ወፍ ለንብ በል ወፍ ምን እንደሆነች ጽሑፉ አልጠየቀም። መተማመን የሚባለው ነገር እዚህ የት እንዳለ ፈልጌ አጣሁት። ያለው ረሃብ ነው፤ ሁለቱም ወገን ሌላኛው ምን እንደሚርበው ያውቃል።

ወደ ጉንዳኖቹ ልለፍ፤ እዚህ ላይ የጽሑፉ ምክር በቀጥታ የሚጎዳ ይመስለኛል። ጸሐፊው እንዲህ ነው የሚለው፦ ሽርክና ሲጠነክር ጠላትን ማስወገድ፣ የመከላከያ ወጪን መቀነስ፣ የተረፈውን ወደ እድገት ማዞር። ኬንያ ውስጥ ላይኪፒያ ላይ ይህ ሳይታሰብ ተሞክሯል። ጥቁር አፈር ላይ የሚበቅለው ባለ እባጭ እሾህ ግራር ለጉንዳኖች ባዶ እሾህ ቤት ይሠራል፣ ጣፋጭ ፈሳሽም ያቀርባል፤ ጉንዳኖቹ ደግሞ ዝሆንና ቀጭኔ ሲመጣ በአፍንጫው ይገባሉ። ተመራማሪዎች ትልልቆቹን እንስሳት በአጥር ከልክለው 10 ዓመት ቆዩ። ቶድ ፓልመርና ባልደረቦቹ በ2008 ውጤቱን ሲያወጡ ግራሮቹ አልፋፉም። የሚበላቸው ሲጠፋ ለጉንዳኖቹ የሚያዘጋጁትን ቤትና ምግብ ቀነሱ። ጠባቂው ጉንዳን ተዳከመ፤ ቦታውን ሌላ ጉንዳን ያዘ፤ ይኸኛው ዛፉን አይጠብቅም፣ ግንድ የሚቦረቡር ጢንዚዛ በቆፈረው ጉድጓድ ነው የሚኖረው፣ ጢንዚዛውም ይመቸዋል። ይህ ጉንዳን የያዛቸው ዛፎች ጠባቂው ጉንዳን ካለባቸው ይልቅ በዝግታ አደጉ፤ በብዛትም ሞቱ። በወጪ ዓምድ የተጻፈው ዝሆን ለካ ሽርክናውን የሚያቆመው እሱ ኖሯል።

አሁን ካሉንድቦርግ። የኃይል ማመንጫው እንፋሎት ለጎረቤት ፋብሪካዎችና ለከተማው ቤቶች ማሞቂያ፣ የነዳጅ ማጣሪያው ጋዝ ለጂፕሰም ቦርድ ፋብሪካው፣ የመድኃኒት አምራቹ የኖቮ ኖርዲስክ ዝቃጭ ለገበሬ ማዳበሪያ ሆኖ ሲሄድ እንደኖረ እውነት ነው። ጫካን አይተው ቀዱ የሚለው ግን ተገልብጧል። ነገሩ የተጀመረው በ1961 የከርሰ ምድር ውሃ ስላነሰ፣ የነዳጅ ማጣሪያው ከቲሶ ሐይቅ ውሃ እንዲያገኝ ቧንቧ ሲዘረጋ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ሁለት ፋብሪካ እየተቀመጠ፣ ዋጋ እየተከራከረ፣ ውል እየፈረመ ነው የተገነባው። ሲምባዮሲስ የሚለውን ስም ያወጡለት ከሃያ ዓመት በላይ ከሠራ በኋላ ነው። ቦርድ ፋብሪካው ከማመንጫው ይወስደው የነበረው ጂፕሰምም የሚገኘው ከከሰል ጭስ ድኝ ሲታጠብ ስለነበር ማመንጫው ከሰል ትቶ እንጨት ማንደድ ሲጀምር ያ መስመር አብሮ ነጠፈ። አንዱ ሲጸዳ ሌላው ጥሬ ዕቃ ያጣል። ውል ያለው ሰው ግን አስቀድሞ ይነገረዋል፣ ሌላ ይፈልጋል።

ውል የሌለው ምን እንደሚሆን ለማየት ዴንማርክ መሄድ አያስፈልግም። አክስቴ ሱሉልታ አምስት የወተት ላሞች አሏት። ለዓመታት ከአንድ ቢራ ፋብሪካ የሚወጣውን ተረፈ ብቅል በበርሜል ስታስመጣ ኖራለች። እርጥብ ነው፤ ሦስት ቀን ካደረ ይኮመጥጣል፤ ስለዚህ አታከማችም፣ ሲወጣ ትወስዳለች፣ ሲመጣ ትመግባለች። ለፋብሪካውም ለእሷም ጥሩ ነበር፤ እሱ ከሽታ፣ እሷ ከመኖ ወጪ ድነዋል። አንድ ዓመት ፋብሪካው ለጥገና ቆመ። ማን ይደውልላት? ሾፌሩ ባዶ በርሜል ይዞ ሲመለስ ነው ያወቀችው። ላሞቹ ወተት ቀነሱ፤ ፋጉሎና ፉርሽካ በተጠየቀችው ዋጋ ገዛች። «ለካ እነሱ የሚያስፈልጉት ለእኔ ነው እንጂ፣ እነሱስ ታስፈልገናለች ብለው አያውቁም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ግማሹን ብቻ ነው በብቅል የምትመግበው። በጽሑፉ ሚዛን ይህ ብክነት ነው። እኔ ግን አክስቴ ከዚያ በኋላ ነው ሂሳቡን ያወቀችው እላለሁ።

የመጨረሻው ነጥብ የሰውና የኮምፒውተር ነው። ጽሑፉ በ1960 ይህን ሐሳብ ያቀረበውን አሜሪካዊ ጄ. ሲ. አር. ሊክላይደርን ይጠቅሳል፤ ተገቢ ነው። ሊክላይደር የራሱን የሥራ ሰዓት መዝግቦ «ሳስብ ነበር» ከሚለው ጊዜ 85 በመቶው ለማሰብ ሳይሆን ለማሰብ ለመዘጋጀት፣ ይኸውም ለመፈለግ፣ ለማስላት፣ ለመሣል እንደሚሄድ ያየ ሰው ነው፤ ያንን ለማሽን እንስጠው ነው ያለው። ጽሑፉ የዘለለው ግን አለ። ሊክላይደር ጥምረቱ ዘላለማዊ ነው አላለም፤ 15 ዓመት ብሎ ገምቶ «10 ወይም 500 ሊሆን ይችላል» ብሎታል፤ ከሩቅ ጊዜ በኋላ ማሰቡ ለማሽን ብቻ ሊሆን እንደሚችልም ያለ ክርክር ተቀብሎ ነው የተነሣው።

«ሁልጊዜ ይበልጣሉ» ለሚለውም ማስረጃው የ2005ቱ የቼዝ ውድድር ነው፤ ሁለት አማተሮች በሦስት ኮምፒውተር ታግዘው ግራንድማስተሮች ያሉበትን ውድድር አሸነፉ። ግሩም ታሪክ ነው፤ ግን አንድ ውድድር ነው። በ2024 ኔቸር ሂውማን ቢሄቪየር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት 106 ሙከራዎችን ሰብስቦ ሲያይ ሰውና ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲጣመሩ በአማካይ ከሁለቱ ከተሻለው በታች ነው የሠሩት። ዝርዝሩ ደግሞ የበለጠ ያስተምራል፦ ሰውየው ብቻውን ከማሽኑ በሚሻልበት ሥራ ጥምረቱ ትርፍ አመጣ፤ ማሽኑ በሚሻልበት ሥራ ጥምረቱ አጎደለ። እኔ ስረዳው፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው የማሽኑን ስሕተት ይለያል፤ የማያውቅ ግን ትክክለኛውን ይሰርዝና ስሕተቱን ያጸድቃል። ባቄላዋ የያዘችው የኦክስጅን በር በእኛ እጅ የሚኖረው ሥራውን እስካወቅን ድረስ ነው።

«ማሽኑ ያለ እኛ አይኖርም» የሚለው ይቀራል። ጸሐፊው እዚህ ላይ የሊክላይደርን የበለስ ምሳሌ ወስዷል፤ የሊክላይደር ጽሑፍ ራሱ የሚጀምረው በበለስ ዛፍና በትንሿ ተርብ ነው፤ ዛፉ ያለ ተርቧ ዘር አያፈራም፣ ተርቧ ያለ ዛፉ ምግብ አታገኝም። እኛ አገር ምሳሌው ሾላ ነው፤ ሾላ በልቶ ያላደገ ያገር ቤት ልጅ የለም፤ ፍሬውን ከፍቶ ያየ ግን ጥቂት ነው። ተርቧ በፍሬው ጫፍ ባለች ጠባብ ቀዳዳ ስትገባ ክንፏ ይነቀላል፤ ውስጥ አበባዎቹን የአበባ ዱቄት ታለብሳለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች፣ እዚያው ትሞታለች። በዚያችው ቀዳዳ የምትገባ ሌላ ተርብም አለች፤ ዘመዷ ናት፤ እንቁላሏን ትጥላለች፣ የአበባ ዱቄት ግን አትሰጥም።

ይህ ዛፍ ከጥንት ጀምሮ ወደ ግብጽና ወደ ቅዱሱ ምድር ተወስዷል። ነቢዩ አሞጽ ሠራተኛው ነኝ ያለው ፍሬ ይኸው ነው። እዚያ የአበባ ዱቄት የምታቀብለው ተርብ የለችም። ዛፉ አልሞተም። ሰው ቅርንጫፉን እየቆረጠ ተከለው፤ ፍሬውን ደግሞ ገና ጥሬ ሳለ በቢላ ይጫረዋል፤ ቁስሉ የሚያወጣው ጋዝ በጥቂት ቀን ያበስለዋል፤ እዚያም ቢሆን ውስጡ የምትኖር ሌላ ተርብ ሳትወጣ ይለቀማል። ዘር የሌለው ፍሬ ነው፣ ግን ይበላል። የግብጽ ሾላ ያለ ተርቧ እንዲህ በሺህ የሚቆጠር ዓመት ኖሯል፤ በእሷ ቦታ ቢላ የያዘ ሰው አለ።